የማርሳቢት ገናና የደሊል ዋስትና

ለጊንጪ፣ ለደንዲና ለአምቦ፣ እስከ ብርዳማዋ ጎጆ ከተማ ድረስ ላለው ሰፊ ሕዝብ በሙሉ! ስማ፤ ያልሰማም ካለ አሰማ! ድንቅቱ ጂራ የተባለች፣ ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት፣ ቁመቷ ከጎረቤቷ አጥር የማያልፍ፣ ለየትኛውም ኮሚቴ ያልተመረጠች፣ በአንድም ሰልፍ ላይ መፈክር ያላሰማች ሴት ከመስከረም ወር 1974 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንፈሳዊ አገልግሎት ወደ ውጭ አገር እንድትሄድ የተፈቀደላት መሆኑን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን!

በፈቃዱ ወረቀት ላይ ግን ስሟን አትፈልጉ፤ የለም። ወረቀቱ የሚለው «ዓብዲሳ ሞሲሳ፣ ጡረተኛ ድሬሰር፣ እና ባለቤቱ» ነው። ታሪክ ሠሪው ሰፊው ሕዝብ ነው ተብሎ በየግድግዳው በቀይ ቀለም በተጻፈበት ዘመን፣ ሰፊው ሕዝብ በየወረቀቱ ላይ «እና ባለቤቱ» እየተባለ ይታለፍ ነበር።

የጉዞው ነገር የመጣው እንዲህ ነው። በሰሜን ኬንያ ማርሳቢት በምትባል ተራራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ኦሮምኛ ተናጋሪ ቦረናዎች አሉ። እዚያ ያለ አንድ የወንጌል ማኅበር፣ ቁስል ማጠብም መጽሐፍ ማስተማርም የሚችል፣ አፋችንን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ላኩልን ብሎ ጻፈ። የጊንጪው ማኅበር ሽማግሌዎች ሦስት ቀን ጾመው ጸለዩ፤ ከመካከላቸው ማንም እንደማይሄድ መንፈስ ከገለጠላቸው በኋላ በሙሉ ድምፅ ዓብዲሳን መረጡ።

ዓብዲሳ ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ቁስል ያጠበ ሰው ነው። ሁለት ነገር አጥብቆ ይወዳል፤ ነጭ ጋዋንና ረጅም ስብከት። ሲመረጥ አለቀሰ። ድንቅቱን የጠየቃት የለም፤ እሷም ጥያቄ አልጠበቀችም፤ ጎመኗን ለጎረቤት አደራ ብላ ሻንጣ ፍለጋ ገባች።

ችግሩ ዋስ ላይ ነበር። መውጫ ቪዛ ያለ ዋስ አይገኝም፤ ዋስ ሲባልም የገንዘብ አይደለም፣ የሰው ነው። «ከአገር የሚወጣው ሰው እስከ ጥር 1 ቀን 1974 ዓ.ም. ተመልሶ ባይቀርብ በእግሩ ተተክቼ እታሰራለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ተሻለ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው በሩን ዘጋው።

«ጴንጤ ለጴንጤ ዋስ አይሆንም» አለ። «ነገ ሁለቱም ተያይዘው ሰማይ ቤት ነን ቢሉኝ ማንን ልይዝ ነው?»

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ተገላገሉ። የድንቅቱ ወንድሞች ከጎጆ «ያባትሽን ሃይማኖት የጣልሽ ዕለት እኛም ዋስትናችንን አውርደናል» ብለው ላኩ። የዓብዲሳ የቀድሞ የክሊኒክ ባልደረቦች በዚያ ሳምንት ሁሉም ስብሰባ በዛባቸው። በመጨረሻ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ደሊል ሱቁን ዘግቶ መጣ።

ደሊል ከስልጤ አገር መጥቶ ጊንጪ መንገድ ዳር ጨው፣ ላምባና ምስማር የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አንድ ጊዜ ልጁ ላይ ኩራዝ ተደፍቶ ጀርባውን ሲያቃጥለው፣ ዓብዲሳ አርባ ቀን ቤቱ እየተመላለሰ ፋሻ ቀይሮለታል። ስለዚያ ነገር ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

«የት ላይ ነው የምፈርመው?» አለ ደሊል።

ጓድ ተሻለ ቀና ብሎ አየው። «አንተ ደግሞ! እስላም ሆነህ ለጴንጤ?»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ወረቀቱ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አላየሁም። ካለ ያሳዩኝና እሞላዋለሁ።»

ፈረመ። ባልና ሚስቱ የሄዱ ዕለት ጠዋት አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ የደሊል ሚስት ሐሊማ መጣች፤ በነጠላ የተቋጠረ ቆሎ ለድንቅቱ ሰጠቻትና እጇን ያዘቻት። ጠጋ ብላ በጆሮዋ እንዲህ አለቻት፦ «አዴ ድንቅቱ፣ እሱ ሲፈርም እኔን አላማከረኝም። ስድስት ልጅ ነው ያለኝ። ይህቺን ብቻ ይያዙልኝ።» ከዚያ ሰው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «በሰላም ይመልሳችሁ!» አለች። ሳቀችም። ድንቅቱ ያን ሳቅ ሞያሌ እስክትደርስ ድረስ ስታየው ሄደች።

ማርሳቢት ለድንቅቱ እንግዳ አገር አልሆነባትም። በረሃውን ሁለት ቀን በጭነት መኪና ካቋረጡ በኋላ ተራራው ላይ ሲወጡ ጭጋጉ ተቀበላቸው፤ ጭጋጉን ስታይ የተወለደችባት ጎጆ ከተማ ትዝ አለቻት። ያ እርጥብ ብርድ፣ ያ ጠዋት ጠዋት አጥሩን የሚውጥ ነጭ ጉም። የጎደለው ገብሱና በጉ ብቻ ነበር፤ በምትኩ ግመል ቆሟል።

ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሰጧቸው፤ ዝናቡ ከጣሪያው ወደ በርሜል ይወርዳል። ዓብዲሳ ጋዋኑን ለብሶ ቁስል ያጥባል፤ ከሰዓት በኋላ ያስተምራል። እሷ እናቶቹን ሰብስባ ስለ ሳሙናና ስለ ልጆች ዓይን ታወራለች። መጀመሪያ ሰሞን አፏን በከፈተች ቁጥር ይስቁ ነበር። አንዲት ጥርሷ ያለቀ ቦረና አሮጊት «እናንተ የወዲያኞቹ፣ ኦሮምኛውን ትናገሩታላችሁ ወይስ ትዘፍኑታላችሁ?» አለቻት። ድንቅቱም «እሺ፣ አንቺ ተናገሪው፤ እኔ ልዝፈነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆኑ።

እውነቱን ለመናገር ድንቅቱ እዚያ ተመቻት። በጊንጪ የቀበሌው ስብሰባ የሚጠራው እሁድ ጠዋት፣ ልክ በአምልኮ ሰዓት ነበር፤ ያልመጣ የወር ስኳሩ ይቀርበታል። እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጥታለች። በማርሳቢት እሁድ እሁድ ነው። መንገድ ላይ ማንም «ጴንጤ!» ብሎ አይጮህባትም። ከቤቱ ጀርባ ጎመን ዘራች፤ በቀለላትም። አንዳንድ ጠዋት በርሜሉ አጠገብ ቆማ፣ ምንም ነገር ሳትፈራ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየች ትቆጥርና ትደነግጥ ነበር።

እንዲህ እያለ የነሱ ገና ደረሰ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ነው።

«ገና ዐሥራ ሦስት ቀን ይቀረዋል እኮ!» አለች ድንቅቱ።

የማኅበሩ ፓስተር፣ ጉዮ የሚባል ረጅም ቦረና፣ ሳቀባት። «አዴ፣ ጌታ መጀመሪያ እኛ ዘንድ ይወለዳል። እናንተ ጋ የሚደርሰው በእግሩ ስለሚሄድ ነው።»

በዋዜማው ቀትር ላይ ፍየል ታረደ። የክብር እንግዳ ናትና ጉበቱን ለድንቅቱ አቀረቡላት። እሷ ግን ጾም ላይ ነበረች። ባሏ ሠላሳ ዓመት «በዚህ እምነት ጾም ሰው የሚያዝዘው አይደለም» ብሎ ቢሰብክላትም፣ እናቷ ያስጾመቻት ጾም በሆዷ ውስጥ አልተሰበከለትም፤ በየዓመቱ ዝም ብላ ትይዘዋለች። ሳህኑን ቀስ አድርጋ ወደ ዓብዲሳ ገፋችው።

«ብይ እንጂ፤ ሰው ያያል!» አለ በጥርሱ መካከል።

«አባ ወራ፣ እርስዎ ይብሉልኝ። የኔ ጌታ ገና መንገድ ላይ ነው።»

በዚህ መካከል ነው ሱልጣን የመጣው። ሱልጣን የደሊል የእህቱ ልጅ ነው፤ ከሞያሌ ማርሳቢት ጭነት ያመላልሳል፤ ሰሞኑን ጊንጪ አጎቱ ዘንድ ደርሶ መመለሱ ነው። ከመኪናው ወርዶ እጁን ሳይታጠብ ባልና ሚስቱን ወደ ጥግ ጠራቸው። ደብዳቤ ስለሚከፈት ደሊል መልእክቱን በቃል ነው ያስያዘው፤ ልጁም እንደ ተማሪ በቃሉ ወጣው።

«አጎቴ እንዲህ ብሏል። ጸሎት ቤታችሁ ኅዳር ላይ ታሽጓል። ወንበሩን ቀበሌው ለአዳራሹ ወስዶታል። ሽማግሌዎቹ አምቦ ታስረዋል። የኦቦ ዓብዲሳ ስም ከዝርዝሩ አናት ላይ ነው፤ ከውጭ ኃይል ጋር ይገናኛል ተብሏል። አትምጡ። የኔን ነገር እኔ እወጣዋለሁ። ከቃላችሁ በአላህ ስም ፈትቻችኋለሁ። ብሏል።»

ዓብዲሳ በርሜሉን ተደግፎ ተቀመጠ። ድንቅቱ ግን ልጁን ታየው ነበር።

«ሐሊማስ ምን አለች?»

ሱልጣን የመኪናውን ጎማ አየ። «እሷ… እሷ እንኳ ያን ጊዜ አጠገባችን አልነበረችም። ልጆች ታጥብ ነበር።»

ድንቅቱ ከበርሜሉ ውሃ ቀድታ እጁን አስታጠበችው።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ ጸሎት ቤቱ እስከ በሩ ሞላ። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ፓስተር ጉዮ ስለ ግርግሙና ስለ እረኞቹ የያዘውን ስብከት ትቶ በሌላ መጣ። ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንዴት እንደሸሸ ሰበከ። ክፉው ንጉሥ እስኪሞት ድረስ በሰው አገር መቆየት ኃጢአት አይደለም፣ እንዲያውም የመልአክ ትእዛዝ ነው አለ። «ማርሳቢት ግብፃችሁ ትሁን! የመኖሪያ ወረቀቱን እኛ እናስጨርሳለን» ሲል ሕዝቡ እልል አለ። ቸር ሕዝብ ነው፤ ከልቡ ነው ያለው።

ዓብዲሳ ተነሥቶ አመሰገነ። እንባው በጺሙ ላይ ወረደ። «ዋሴ ራሱ ፈትቶኛል» አለ። «እግዚአብሔር በእስላም አፍ ተናገረኝ። ገለቶማ! እንቀራለን።»

በዚያ ማኅበር ልማድ ከስብከት በኋላ ቃል ያለው ይናገራል። ድንቅቱ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ቀን ተነሥታ አታውቅም። ተነሣች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከኋላ ያሉት የተነሣች አልመሰላቸውም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ዮሴፍ ወደ ግብፅ ሲሄድ፣ ቤተልሔም ውስጥ ዋስ ነበረው ወይ?»

ሳቁ። ደግሞ ምን ልትዘፍን ነው ብለው። ፓስተር ጉዮ ራሱ ፈገግ ብሎ «አዴ፣ ዋስ ስትዪ?» አላት።

«ዋስ ነዋ። አልመለስ ብሎ ቢቀር በእሱ ፈንታ የሚታሰር ሰው።»

ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየጠፋ ወደ ኋላ ሄደ።

«እኔ ማንበብ የተማርኩት በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው» አለች። አብዮቱ ፊደል ያስቆጠራት መፈክሩን እንድታነብለት ነበር፤ እሷ ግን ሌላ ስታነብ ከርማለች። «ቀስ ብዬ ስለማነብ አልዘልም። ሸሸ ካለ በኋላ፣ እዚያው ቀጥሎ፣ እዚያ የቀሩት ሕፃናት በክፉው ንጉሥ እጅ ምን እንደሆኑ ይናገራል። ዮሴፍ አላወቀም። መልአኩ አልነገረውም፤ ስለዚህ ፍርድ የለበትም። ለኔ ግን ተነግሮኛል። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በጆሮዬ ተነግሮኛል። ስድስት ናቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ አውቃለሁ።»

ተቀመጠች። የበዓሉ መዝሙር የተዘመረው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

ቤት ሲገቡ ዓብዲሳ ጋዋኑን አወለቀና አልጋው ላይ ወረወረው። በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር ጋዋን ወርውሮ አያውቅም።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«እኔ አይደለሁም ያዋረድኩዎት፣ አባ ወራ።»

«ሰውዬው ራሱ ፈትቻችኋለሁ ብሏል፤ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። እሱ የፈታው የራሱን ነው። የሐሊማን ማን ፈታው?»

«ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ድንቅቱ! እዚያ ብገባ የምወጣ ይመስልሻል?»

ከትናንት ጀምሮ ራሷን የጠየቀችው ይህንኑ ነው። እሱ እስር ቤቱን ነው የሚፈራው፤ እሷ ደግሞ ከእስር ቤቱ መልስ ባዶውን አልጋ። ወደ በሩ ሄዳ ጎመኗን አየች።

«መቅረቱን ከእርስዎ ይልቅ እኔ ነኝ የምወደው» አለች ፊቷን ሳታዞር። «እዚህ ስመጣ እንቅልፍ ምን እንደሆነ አወቅሁ። እንቅር ካሉ እቀራለሁ፤ ባሌ ነዎት። ብቻ ሌሊት ሌሊት ጸልዪ አይበሉኝ። የምጸልየው አይኖረኝም።» ከዚያ ዞር ብላ «ወይም ብቻዬን ልሂድላቸው» አለች።

«ብቻሽን ምን ያደርጉሻል? ወረቀቱ ላይ ስምሽ እንኳ የለም።»

«እሱን አውቃለሁ።»

ዓብዲሳ በበዓል ቀን፣ ቁስለኛ በሌለበት፣ መርፌዎቹን ሁሉ አውጥቶ ቀቀለ፤ ሲሪንጁን አንድ በአንድ አደረቀ፤ ፋሻውን ፈትቶ እንደገና ጠቀለለ። ፀሐይ ተራራው ላይ ዘንበል ስትል ብረቱን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «ያ ሱልጣን የሚመለሰው መቼ ነው አለ?» ብሎ ጠየቃት።

የጽሑፍ ሰዎች ጀግና ሲስሉ ክንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን የሚያይ አድርገው ይስሉታል። ጀግና ግን እንዲህም አለ፤ ሚስቱ እየገፋችው፣ ዘወር ብሎ አንዴ የጎመን መደብ እያየ መኪና ላይ የሚወጣ።

የማርሳቢት ሰዎች እያለቀሱ ሸኟቸው። የአገራቸው ገና መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ አገኛቸው፤ ድንቅቱ ጾሟን በአንድ ብስኩትና በለስላሳ ፈታች። ታኅሣሥ 30 ከቀትር በፊት ጊንጪ ወረዱ።

ደሊል ከሱቁ ሆኖ አያቸው። አልሮጠም፤ አልሳመም። ላምባ የሚቀዳበትን ማንቆርቆሪያ እንደያዘ መንገዱን አቋርጦ መጣና በጠራራ ፀሐይ ጮኸባቸው።

«እብድ ናችሁ? አትምጡ አላልኩም? ማን ጠራችሁ?» አለ። ከዚያ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ሐሊማ ከጓዳ ወጣች። የድንቅቱን ቋጠሮ ከጀርባዋ አወረደችና ራሷ ተሸከመችው።

ጓድ ተሻለ የደሊልን ፊርማ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘና ፋይሉን ዘጋ። ዓብዲሳን በማግስቱ አምቦ ወሰዱት። ክስ አልተነበበለትም፤ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ድንቅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ስንቅ ታመላልስ ጀመር። ሁልጊዜ ሁለት ሳህን ትይዛለች፤ አንዱን የምታበስለው ሐሊማ ናት። ዓብዲሳ በእስር ቤቱም ቁስል አጠበ፤ ከእስረኛውም ከጠባቂውም። ስብከቱን ግን አሳጠረ። አንድ ቅዳሜ በሽቦው በኩል «እዚያ ብቀር ኖሮ እስካሁን ስሰብክ ነበርኩ» አላት። መቆጨቱ ይሁን መቀለዱ አልገባትም፤ ብቻ ሲስቅ ሳል ያዘው።

ያ ሳል ሦስት ዓመት ሊሞላው ተቃረበ። በ1977 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የታመሙ ሽማግሌ እስረኞች በሰው ዋስ ይፈቱ የሚል ትእዛዝ ወረደ፤ ፊርማው በቀበሌ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ። ደሊል የመጀመሪያው ሆኖ መጣ። ጓድ ተሻለ መለሰው፤ አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ዋስ የሆነ ለዚያው ሰው እሱም ሚስቱም ዳግመኛ አይሆኑም፤ ሚስትም ለባሏ አትፈርምም፤ መመሪያ ነው። ቀድመው የተፈቱት የማኅበሩ ሽማግሌዎች ግን አሉ። ጴንጤ ለጴንጤ የሚለው ክልከላም ለበሽተኞች ሲባል ተነሥቶላቸዋል። አንደኛው ልጁን ሊድር ነው፤ ሁለተኛው ደም ብዛት አለበት፤ ሦስተኛው እየጸለየበት ነው። የጎጆ ወንድሞቿ የላኩት ድንችና ሰላምታ ደርሷል።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ድንቅቱ ከማለዳ ጀምሮ የቀበሌው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ሐሊማ አጠገቧ አለች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ያን ጊዜ ጊንጪ አልነበርክም፤ ከሰበቦቹ ሁሉ ያንተ ይሻላል። ነገር ግን እዚህ ድረስ አንብበህ መጥተሃል፤ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጓድ ተሻለ ቢሮውን የሚዘጋው በስድስት ሰዓት ነው። እስክሪብቶው ይጽፋል፤ ተሞክሯል። እባክህ ጠጋ በልና ስምህን ከነአባትህ፣ አድራሻህን፣ ከዚያም እዚህ ከታች…